ለቤዝ ተጫዋቾች፦ ስለ አምፕና ስለ ስፒከር ካቢኔት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክለብ፣ ሰርግና ኮንሰርት ላይ የሚሠሩ ቤዚስቶች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረው ወደ ከበደው ይሄዳሉ።

ሄድ፣ ካቢኔትና ኮምቦ በምን ይለያያሉ?

ሄድ ማጉያው ብቻ ነው፤ የቶን ቁልፎችና ኃይል የሚሰጠው ክፍል አለው፣ ስፒከር የለውም። ካቢኔት ወይም ካብ ስፒከር ብቻ ያለበት ሳጥን ነው። ኮምቦ ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ነው።

ለልምምድና ለትንሽ ላውንጅ ኮምቦ ይበቃል። በየምሽቱ ቦታ እየቀየረ ለሚጫወት ሰው ግን ሄድና ካብ ለየብቻ ቢሆኑ ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ ያንኑ ብቻ ተውሶ ሥራውን መጨረስ ይቻላል። ክብደቱም እንደ ድሮው አይደለም። በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣው የአምፔግ ኩባንያ ኤስቪቲ 300 ዋት የሚሰጥ የቱቦ (በትራንዚስተር ፋንታ በቫኩም ቱቦ የሚሠራ) ሄድ ነበር፤ ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከር የያዘው የዚህ ዘር ካቢኔት ዛሬም 64 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አሁን ያሉት ክላስ ዲ የሚባሉት (ኃይል ብዙ ሳያባክኑ የሚያጎሉት) ሄዶች 500 ዋት እየሰጡ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ብቻ ስለሚመዝኑ በቤዙ ቦርሳ ኪስ ይገባሉ። ኒዮዲሚየም ማግኔት ያላቸው ስፒከሮችም ካቢኔቱን አቅልለውታል።

በሊድ ጊታር ወይም በኪቦርድ አምፕ ቤዝ መጫወት ይቻላል?

በሊድ ጊታር አምፕ አይሞከር። የሊድ ጊታር ወፍራሙ ክር 82 ሄርዝ ሲሆን የባለ አራት ክር ቤዝ ዝቅተኛው ድምፅ 41 ሄርዝ፣ የባለ አምስት ክሩ ደግሞ 31 ሄርዝ ነው። ኖታው በአንድ ኦክታቭ በወረደ ቁጥር፣ ያንኑ ያህል ድምፅ ለማውጣት የስፒከሩ ኮን (የሚንቀሳቀሰው ሽፋን) አራት እጥፍ ርቆ መንቀሳቀስ አለበት። የሊድ ጊታር ስፒከር ለዚህ አልተሠራም፤ ኮኑ ከልኩ ያልፍና ይቀደዳል፣ ወይም ኮይሉ (ኮኑን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል) ከቦታው ይወጣል።

የኪቦርድ አምፕ ይሻላል፤ ድምፁ እስካልበዛ ድረስ ለልምምድ ያገለግላል። ከድራም ጋር ለመወዳደር ሲባል ድምፁ ሲገፋ ግን እሱም ይታነቃል።

ስንት ዋት ያስፈልገኛል?

ዋት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው፤ ጆሮ ልዩነቱን ያውቀዋል እንጂ አይገረምበትም። ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል 10 ዴሲቤል ገደማ መጨመር አለበት፤ ይህ ደግሞ አሥር እጥፍ ዋት ይፈልጋል። ስለዚህ ባለ 300 ዋት ሄድ ሸጦ ባለ 500 የገዛ ሰው ያገኘው ከ2 ዴሲቤል ብዙም አይበልጥም።

ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ካቢኔቱ ነው። በካቢኔት መመሪያ ላይ ሴንሲቲቪቲ የሚባል ቁጥር አለ፤ 1 ዋት ሲገባበት በ1 ሜትር ርቀት ላይ የሚሰማውን ዴሲቤል ይነግራል። አንዱ ካብ 94፣ ሌላው 100 ቢል የ6 ዴሲቤል ልዩነት ማለት አራት እጥፍ ዋት ነው፦ 200 ዋት በሁለተኛው ላይ፣ 800 ዋት በመጀመሪያው ላይ የሚሰጠውን ያህል ይሰማል። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ደህና ካቢኔት ግዙ፣ ሄዱ ይቆይ።

በግምት ለመነሳት ያህል፦ ድራመሩ በብሩሽ ለሚጫወትበት የሆቴል ላውንጅ ከ100 እስከ 200 ዋትና አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር ይበቃል። ድራም፣ ሁለት ኪቦርድና ሳክስፎን ላለበት የክለብ ባንድ ከ300 እስከ 500 ዋት፣ ከሁለት ባለ 12 ወይም ከአራት ባለ 10 ኢንች ጋር ያስፈልጋል። ሜዳ ላይ በሚደረግ ኮንሰርት ሕዝቡ ጋ የሚደርሰው በዋናው ሳውንድ ሲስተም ነው፤ የናንተ አምፕ ለራሳችሁና ለድራመሩ ብቻ ስለሆነ የክለቡ ዕቃ ከበቂ በላይ ነው።

ባለ 10፣ ባለ 12 ወይስ ባለ 15 ኢንች ስፒከር ልምረጥ?

“15 ወፍራም ድምፅ አለው፣ 10 ቀጭን ነው” የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። የድምፁን ውፍረት የሚወስነው የሳጥኑ ስፋትና የስፒከሩ አሠራር እንጂ ኢንቹ ብቻ አይደለም። ይልቅስ የሚገፋውን አየር አስሉ። የአንድ ባለ 10 ኢንች ኮን የሚሠራ ስፋት በግምት 350 ካሬ ሴንቲሜትር፣ የባለ 12ቱ 530፣ የባለ 15ቱ 860 ነው። ስለዚህ አራት ባለ 10 ወደ 1,400፣ ሁለት ባለ 12 ደግሞ 1,060 ይመጣሉ፤ አንድ ባለ 15 ከሁለቱም ያንሳል።

በታክሲ ለሚመላለስ ሰው ምርጫችን ሁለት ትንንሽ ካቦች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አንድ ባለ 12 ኢንችና 8 ኦህም። ለትንሽ ቦታ አንዱን፣ ለሰፊው ሁለቱን አነባብሮ መውሰድ ይቻላል፤ ላይኛው ደግሞ ወደ ጆሮ ስለሚቀርብ የምትጫወቱትን በደንብ ትሰማላችሁ።

ኦህም ምንድን ነው? ሁለት ካብ ስሰካ ምን ይሆናል?

ኦህም ካቢኔቱ ለሄዱ የሚያሳየው ተቃውሞ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ሄዱ ብዙ ከረንት እንዲሰጥ ይገደዳል። እያንዳንዱ ሄድ የማይወርድበት ዝቅተኛ ልክ አለው፤ ከኋላው ይጻፋል፣ በብዛት 4 ኦህም ነው፣ አንዳንዶቹ እስከ 2.67 ወይም 2 ይፈቅዳሉ።

ሁለት ካብ ሲገናኝ ቁጥሩ ይወርዳል እንጂ አይደመርም። ሁለት ባለ 8 ሲሆኑ 4 ኦህም፣ አንድ ባለ 8 ከአንድ ባለ 4 ጋር 2.67፣ ሁለት ባለ 4 ደግሞ 2 ኦህም ይሆናሉ። ዝቅተኛ ልኩ 4 በሆነ ሄድ ላይ ሁለት ባለ 4 ካብ መሰካት ከተለመዱት ስህተቶች ዋነኛው ነው፤ ለጥቂት ዘፈን ይሠራና ይግላል፣ ከዚያ ራሱን ያጠፋል ወይም ይቃጠላል። ወደፊት ሁለተኛ ካብ የመጨመር ሐሳብ ካላችሁ የመጀመሪያው ባለ 8 ይሁን።

ሁለተኛውን ካብ ከሄዱ ወይም ከመጀመሪያው ካብ ጀርባ መሰካት ልዩነት የለውም፤ የካቡ ሁለት ሶኬቶች በውስጥ የተገናኙ ስለሆኑ ኦህሙ አንድ ነው። አንድ ካብ ብቻ ሲሰካም ሄዱ አይጎዳም። በ4 ኦህም 500 ዋት የሚሰጥ ሄድ በ8 ኦህም ከ250 እስከ 300 ገደማ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ካብ ሲጨመር ኃይሉም የኮኑ ስፋትም አብረው ስለሚያድጉ ጭማሪው እስከ 6 ዴሲቤል ይደርሳል።

ይህ ሁሉ ለትራንዚስተርና ለክላስ ዲ ሄድ ነው። የቱቦ ሄድ ጠባዩ ሌላ ነው፦ የውጤት መምረጫውን ከካቡ ኦህም ጋር ማስማማት ግዴታ ነው፤ ካብ ሳይሰካ ከተበራና ከተጫወቱበት የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል።

ሄዱንና ካቡን በጊታር ገመድ ማገናኘት እችላለሁ?

አትችሉም፣ ጃኩ ቢገጥምም። የጊታር ገመድ በውስጡ አንድ ቀጭን ሽቦና ዙሪያውን የሸፈነ መረብ ነው ያለው። የተሠራው ለደካማ ምልክት ስለሆነ የስፒከር ከረንት ሲያልፍበት ይግላል፣ ኃይል ይበላል፣ ቀልጦም ሾርት ሊያደርግ ይችላል። ለስፒከር የሚሆነው ሁለት እኩል ወፍራም ሽቦ ያለው ገመድ ነው፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ሜትር 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ይበቃል፣ 2.5 ከሆነ ደግሞ የተሻለ።

አማራጭ ካለ በጃክ ፋንታ ስፒኮን ተጠቀሙ፤ ተጠምዝዞ ስለሚቆለፍ በእግር ተመትቶ አይወጣም፣ ሲሰካና ሲነቀልም ሾርት አያደርግም። ገመዱን ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ አንዱን ሽቦ 1 ፕላስ ላይ፣ ሌላውን 1 ማይነስ ላይ እሰሩ፤ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን። ከሄዱ የስፒከር መውጫ ወደ ሚክሰር ግን በምንም ዓይነት ገመድ አይሄድም።

የካቡ ልክ 300 ዋት፣ ሄዱ 500 ነው። ስፒከሩ ይቃጠላል?

ጆሮ ካላችሁ አይቃጠልም። ሄዱ 500 ዋት መስጠት ይችላል ማለት ሁልጊዜ ይሰጣል ማለት አይደለም።

ስፒከር በሁለት መንገድ ይሞታል። አንደኛው ሙቀት ነው፦ ብዙ ኃይል ለረጅም ጊዜ ሲገባ ኮይሉ ይቃጠላል፤ ካቡ ላይ የተጻፈው ዋት የሚናገረው ይህንን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ኮኑ ከልኩ በላይ ሲንቀሳቀስ የሚመጣ ስብራት ነው፣ ቤዝ ላይ ይበልጥ የሚያሰጋውም እሱ ነው፤ በዝቅተኛ ድምፆች ብዙ ጊዜ ከተጻፈው ዋት ግማሽ ሳይደርስ ይከሰታል። የአየር ቀዳዳ ያለው ካቢኔት ቀዳዳው ከተቃኘበት ድምፅ በታች ሲሆን ኮኑን የሚይዝለት አየር ስለማይኖር በከንቱ ይወራጫል። ሄዱ የሃይ ፓስ ፊልተር (ከተወሰነ ልክ በታች ያለውን ድምፅ የሚቆርጥ) ካለው ለባለ አራት ክር 40፣ ለባለ አምስት ክር 30 ሄርዝ አካባቢ አድርጉት። የምታጡት ድምፅ እምብዛም ነው፤ ስፒከሩ ግን ያርፋል።

ምልክቱን ለዩ። ወፍራሙን ክር ስትመቱ “ጧ፣ ጧ” የሚል ወይም የተቀደደ ወረቀት የሚመስል ድምፅ ከመጣ መጀመሪያ የቤዝ ቁልፉን ቀንሱ፣ ካልበቃ ዋናውን ድምፅ። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ወዲያው አቁሙ።

መድረክ ላይ ለራሴ አይሰማኝም፣ ታች ያሉት ግን “ቤዙ በዛ” ይላሉ። ለምን?

የ41 ሄርዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ ከ8 ሜትር በላይ ርዝመት አለው፤ በካቡና በግድግዳው መካከል ስትቆሙ በአንድ ቦታ ይጠፋል፣ በሌላ ቦታ ይከመራል። ካቡ ጥግ ላይ ሲቀመጥ ሁለቱ ግድግዳዎችና ወለሉ ዝቅተኛውን ድምፅ ያጎሉታል፤ ባዶ የእንጨት መድረክ ደግሞ እንደ ከበሮ ያስተጋባል። እናንተ እግራችሁ ሥር ያለውን ካብ አትሰሙትም፣ ምክንያቱም ግልጽ የሚያደርገው የመካከለኛው ድምፅ ወደ ጉልበታችሁ ነው የሚሄደው።

መፍትሔው ድምፅ መጨመር አይደለም። ካቡን ከጥግ አውጡት፤ በወንበር ወይም በጠንካራ ሳጥን ላይ ከፍ አድርጉት ወይም ፊቱን ወደ ጆሯችሁ አጋድሙት። ከዚያ ቤዝ ቁልፉን ከመሐል ትንሽ መልሱና ከ250 እስከ 800 ሄርዝ ያለውን ሚድ ጨምሩ። ቤት ውስጥ ብቻችሁን ስትሞክሩት አስቀያሚ የሚመስለው ሚድ ባንድ ውስጥ ኖታችሁን የሚያሰማው እሱ ነው። ችክችካ በፍጥነት ሲመታ ሚድ የሌለው ቤዝ ጉርምርምታ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሌላም ብዙ የሚረሳ ነገር አለ፤ የኪቦርዱ ግራ እጅ። ኪቦርዲስቱ ቤዙ ባለበት ኦክታቭ እየተጫወተ ከሆነ የትኛውም አምፕ አያድናችሁም። ከፕሮግራሙ በፊት ግራ እጁን አንድ ኦክታቭ ከፍ እንዲያደርግ በደንብ ጠይቁት።

ወደ ሚክሰሩ ድምፄን እንዴት ልስጥ?

ብዙ ሄዶች ከኋላ ዲአይ መውጫ፣ ማለትም ድምፁን በቀጥታ ወደ ሚክሰር የሚሰጥ መውጫ አላቸው። “ፕሪ” እና “ፖስት” የሚል መምረጫ ካለው ፕሪ አድርጉት፤ ያን ጊዜ ለመድረክ የምትነካኩት ኢኳላይዘር ሳውንድማኑ ያስተካከለውን አያበላሽበትም። ሄዱ የቤዙን ድምፅ የሚለውጥ የራሱ ቶን ካለውና ያን ድምፅ የግድ የምትፈልጉት ከሆነ ፖስት፤ ግን ከሳውንድ ቼክ በኋላ ቁልፉን አትንኩ። “ሁም” የሚል ድምፅ ከመጣ የግራውንድ ሊፍት ቁልፉን ተጫኑ።

የራስን ዲአይ ቦክስ መያዝ የሚያዋጣ ወጪ ነው። ባትሪ የሌለው ፓሲቭ ቤዝ ካላችሁ ቦክሱ አክቲቭ ይሁን፤ መግቢያው 1 ሜጋ ኦህም አካባቢ ካልሆነ የቤዙ ጥራት ይደክማል። ባትሪ ላለው ቤዝ ፓሲቭ ቦክስ ይበቃል። አሰካኩ፦ ቤዝ ወደ ቦክሱ፣ ከቦክሱ “ሊንክ” ወደ ሄዱ፣ የኤክስኤልአር (ባለ ሦስት ፒን) ገመዱ ወደ ሚክሰሩ።

አራት ባለ 10 ኢንች ካብ ላይ አንድ ባለ 15 ብጨምር ጥሩ ነው?

የሚያምር ይመስላል፣ ብዙ ጊዜ ግን አያዋጣም። ሁለቱም 8 ኦህም ከሆኑ ሄዱ ለሁለቱ እኩል ኃይል ያካፍላል። ከ400 ዋት 200ው ለአራቱ ባለ 10 ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ 50 ይደርሳል፤ ባለ 15ቱ ግን 200ውን ብቻውን ይሸከማል። እሱ መጀመሪያ ይታነቃል፤ ስለዚህ የጠቅላላው ዕቃ አቅም በደካማው ልክ ይወሰናል። ከዚህም ሌላ የሁለቱ ድምፅ በአንዳንድ ኖታዎች ላይ እየተገፋፋ ይሰራረዛል።

ሁለት አንድ ዓይነት ካብ ከሌላችሁ ቢያንስ የአንድ ፋብሪካ፣ አንድ ዓይነት ስፒከር ያላቸው ይሁኑ። ተደባልቀው ድምፁ እንደመቅጠን ካለ ፖላሪቲያቸው ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። ባለ 9 ቮልት ባትሪ በገመዱ ጫፍ ለአፍታ ብቻ አስነኩ፦ ፕላስ ከፕላስ ሲነካ ኮኑ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። አንዱ ካብ ወደ ውስጥ ከገባ ሽቦው ተገልብጧል።

ያገለገለ ካብ ስገዛ ምን ልፈትሽ?

መልቲሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ገመዱን ካቡ ላይ ሰክታችሁ በሌላው ጫፍ ስትለኩ ባለ 8 ኦህም ካብ ከ5.5 እስከ 7፣ ባለ 4 ደግሞ ከ3 እስከ 3.7 ገደማ ያሳያል። አራት ባለ 10 ስፒከር ያለው ካብ ከዚህ በጣም ከፍ ያለ ቁጥር ካሳየ አንዱ ኮይል ተቃጥሏል ማለት ነው፤ የቀሩት ስለሚጮሁ ሻጩ ራሱ ላያውቅ ይችላል።

ከዚያ ኮኑን በሁለት እጅ ጣቶች እኩል ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ ግፉት። የሚፋተግ ድምፅ ካለ ኮይሉ ተጣሟል። በመጨረሻም ከዝቅተኛው ኖታ ጀምራችሁ በየፍሬቱ እየወጣችሁ ተጫወቱ፤ የሚንቀጠቀጥ ነገር ካለ ግን ስፒከሩን ከመክሰሳችሁ በፊት እጀታውን፣ የፊት ወንፊቱንና ብሎኖቹን ያዝ እያደረጋችሁ ሞክሩ።

ከአሜሪካ የመጣ አምፕ አዲስ አበባ ላይ ይሠራል?

በአምፑ ጀርባ ከመብራት ሶኬቱ በላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ሄርዝ ካለ መሰኪያውን መቀየር ብቻ ነው። 115 እና 230 የሚል መምረጫ ካለው ከሶኬት ተነቅሎ እያለ ወደ 230 አዙሩት፤ ፊውዙንም ለ230 ቮልት በተጻፈው ቀይሩ፣ ብዙ ጊዜ አምፒሩ በግማሽ ያንሳል። 120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ ብቻ ካለ በቀጥታ እንዳትሰኩት፤ የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው።

ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ስትገዙ አምፑ ከሚወስደው ዋት አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ የሚሸከም ይሁን። ቮልቱን እንጂ ሄርዙን እንደማይቀይር ግን አትርሱ፦ ለ60 ሄርዝ ብቻ የተሠራ የቱቦ አምፕ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ይበልጥ ይግላል። በጄኔሬተር ለሚሠራ የድንኳን ሰርግ፣ ከመሰካታችሁ በፊት ዲቫይደሩ ላይ ለኩ፤ ከ198 እስከ 242 ቮልት ውስጥ ካልሆነ ይስተካከል።

ማይኩን በከንፈሬ ስነካ ይነዝረኛል። አምፑ ነው?

አምፑና ሚክሰሩ አንድ ግራውንድ የላቸውም ማለት ነው። ግራውንድ በሌለው ሶኬት ላይ የዕቃው የውስጥ ፊልተር በብረቱ ላይ ወደ 110 ቮልት የሚጠጋ ሊያሳይ ይችላል፤ ከረንቱ ትንሽ ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይገድልም። ነገር ግን እውነተኛ የሽቦ ብልሽትም መጀመሪያ እንደዚሁ ነው የሚሰማው፣ እሱ ደግሞ ይገድላል። በንዝረቱ ብቻ መለየት ስለማይቻል እየተጫወቱ መገመት የለም።

መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ የቤዙ ክር፣ ሌላውን የማይኩ ወንፊት ላይ አድርጉ። ከጥቂት ቮልት በላይ ካሳየ ማይኩን አትንኩ። አምፑን ሚክሰሩ ከተሰካበት ዲቫይደር አምጥታችሁ ሰክታችሁ እንደገና ለኩ፤ ግራውንዱ የሚሠራ ሶኬት እስኪገኝ አትጀምሩ። “ሁም” ለማጥፋት የመሰኪያውን ግራውንድ መቁረጥ ወይም በቴፕ መሸፈን ፈጽሞ አይደረግም፤ ለዚያ የዲአይው ግራውንድ ሊፍት አለ፣ እሱ የሚቆርጠው የድምፁን ገመድ ግራውንድ ብቻ ነው።

ዘፈን መሐል አምፑ ቢጠፋ ምን ላድርግ?

መብራቱ በርቶ ድምፅ ብቻ ከጠፋ በቅደም ተከተል፦ ሚዩት ተጭኖ እንደሆነ፣ የቤዙ ድምፅ ቁልፍ፣ ከቤዝ ወደ ሄድ ያለው ገመድ (በሌላ ቀይሩት)፣ የአክቲቭ ቤዝ ባትሪ፣ ከዚያ የስፒከሩ ገመድ። አብዛኛው እዚህ ውስጥ ነው። የመከላከያ መብራት ከበራ አጥፉት፣ የስፒከሩን ገመድ ንቀሉ፣ ለአምስት ደቂቃ ተዉት፤ ስታበሩት ወዲያው ከተመለሰ ሾርት ያለው ሄዱ ውስጥ ነው፣ ካልተመለሰ ደግሞ ገመዱን ወይም ካቡን ተጠራጠሩ። የቱቦ ሄድ ከሆነ ግን ካቡን ሳትነቅሉ ለቴክኒሻን ተዉት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ በራሱ የሚጠፋና ሲበርድ የሚመለስ ከሆነ ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቷል፣ ያው ማራገቢያ የሚያወጣው ሙቀት ከባሕር ጠረፍ ከተማ ያነሰ ነው። በሄዱ ዙሪያ ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ተዉ፤ ጃኬት አይደረብበት፣ የመድረክ መብራትም በቀጥታ አይምታው፤ የማራገቢያውን ወንፊት በየጥቂት ወሩ ከአቧራ አጽዱ።

ዲአይ ቦክሱ ከሄዱ በፊት ከተሰካ ሄዱ ቢሞትም ቤዙ በዋናው ሲስተም ይቀጥላል። ሳውንድማኑ በሞኒተሩ ላይ ትንሽ ቤዝ እንዲሰጣችሁ በእጅ ምልክት ንገሩት፤ ምልክቱንም በሳውንድ ቼክ ሰዓት አስቀድማችሁ ተስማሙ።